ወፍጮው ዝም ሲል

ተሾመች ወፍጮዋን የምታስነሳው ጤዛው ሳይረግፍ ነው። የናፍጣው ሞተር ሳል ሳል ብሎ ሲነሳ ከጉልት ሜዳ ዐለት ውስጥ አንድ ነገር አብሮት ይነሳል። ሰው በእግሩ አይሰማውም። ሲና ግን በመለኪያዋ ላይ ታየዋለች፤ ቀጥ ብሎ መሄድ የነበረበት መስመር ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል። ያን ጊዜ ጓንቷን አውልቃ ትወረውርና «ይኸው ጀመረች፣ እጇን ይቁረጠውና!» ትላለች።

ጉልት ሜዳ በመንዝ፣ ከቀየት ከተማ ወጣ ብላ የምትገኝ ብርዳም መንደር ናት። የአገሬው ሰው «መስታወት ቤት» የሚለው ሥራ ቤት እዚያ የተሠራው ከአዲስ አበባ የመጡ አጥኚዎች ቦታውን ስለወደዱት ነው። መሬቱ ድፍን ዐለት ነው፣ አቧራ የለም፣ የጭነት መኪና አያልፍም። መሣሪያቸውን መሬቱ ላይ አስቀምጠው ሲያዳምጡ ውለው አንዳች ንቅናቄ አላገኙም። የመጡበት ዕለት ግን ኅዳር ጽዮን ነበር፤ በሬ የማይጠመድበት፣ ወፍጮ የማይፈጭበት ቀን። የጠየቀም የነገራቸውም አልነበረም። ቤቱ አልቆ፣ ማሽኑ ተተክሎ ሥራ ሲጀመር ነው ከአጥሩ ማዶ ያለው ወፍጮ መሬቱን እንደሚያንቀጠቅጥ የታወቀው።

ሲና የደብሩ ካህን የቄስ ገብረ አማኑኤል ልጅ ናት። እናቷ ቀድማ ስለሞተች ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ለትምህርት ከወጣች ብዙ ዓመት ቆይታ፣ ባሕር ማዶ የመስታወት ሥራ ተምራ፣ «መንዝ ላይ ማን ይሠራል?» ሲባል እጇን ያወጣችው አባቷ ስላረጁ ነበር። በመጣች ሰሞን ቄሱ ሥራዋን ለማየት ገብተው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ በጨርቅ የተሸፈነውን ብረት ሲመለከቱ ቆዩ።

«ምን ዓይነት መስታወት ነው፣ ፊት የማይታይበት?» አሉ።

«አባ፣ ሆስፒታል አጥንት የሚያነሱበት ራጅ አለ አይደል? ያ ጨረር ከሰማይም ይመጣል፤ ከሚፈነዱ ከዋክብት። አየሩ ስለሚያስቀረው እኛ ጋ አይደርስም። ስለዚህ የሚያየው መነጽር ከአየር በላይ መውጣት አለበት። ችግሩ፣ ይህ ጨረር መስታወትን ፊት ለፊት ከመታው ሰርስሮ ይገባል እንጂ አይመለስም። የሚመለሰው ገረፍ አድርጎት ሲያልፍ ብቻ ነው፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ ኩሬ ላይ ሲወረውሩት እየነጠረ እንደሚሄደው። ስለዚህ የኛ መስታወት ሁለት አፉ የተከፈተ ከበሮ ነው። ጨረሩ ባንዱ አፍ ገብቶ የውስጡን ግድግዳ ዳበስ አድርጎ በሌላው ይወጣል።»

«ከበሮውን ነው የምትሠሪው?»

«ከበሮው የሚወጣበትን ፎርማ ነው፤ ይህን ድፍን ብረት። እኔ ውጪውን እወለውለዋለሁ። ከዚያ ባሕር ማዶ ወርቅና ኒኬል ያለብሱትና ልባሱን ሰይፍ ከአፎቱ እንደሚወጣ አድርገው ያላቅቁታል። ፎርማው ላይ ያለ ጭረት ሁሉ መስታወቱ ላይ ይታተማል። ፀጉርን መቶ ሺህ ቦታ ቢሰነጥቋት የምታህል ሻካራ ብትኖር እንኳ ጨረሩ ይበተናል።»

ቄሱ «እግዚአብሔር ሥራሽን ይባርክ» አሉ።

ወፍጮውን ግን ማንም የባረከላት አልነበረም። ብረቱን መወልወል ወፍጮው እያለም ይቻላል፤ መለካት ግን አይቻልም። ሌሊት እንዳትለካ፣ የመንዝ ብርድ ብረቱን ያኮማትረዋል፤ ማሞቂያ ሲነሳ ደግሞ እሱ ራሱ ያንቀጠቅጣል። ፀሐይ ጣራውን ካሞቀችው ጀምሮ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ጸጥ ያለ ቀን ያስፈልጋታል።

ተሾመች አርባውን ያለፈች፣ ቅንድቧ ሳይቀር በዱቄት የነጣ ሴት ናት። ሲና መጀመሪያ የሄደችባት በትሕትና ነበር።

«እትዬ ተሾመች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ብታቆሚልኝ።»

«ለምን?»

«መሬቱ ይንቀጠቀጣል።»

ተሾመች ወረፋ ወደሚጠብቁት ሴቶች ዞረች። «ሰማችሁ? መሬቱ ይንቀጠቀጣል! እናንተ ተንቀጠቀጣችሁ?» ሴቶቹ ሳቁ። «ስሚ የቄስ ልጅ፣ ይህ ወፍጮ ሲተከል አንቺ አገር አልነበርሽም። እነዚህ ሴቶች ገብሳቸውን አዝለው ቀየት ድረስ ይወጡ ነበር። አንዷ መንገድ ላይ ወልዳለች። ያንቺ ብረት ማንን ያበላል?»

«ይኼ አንቺ የሚገባሽ ነገር አይደለም» አለች ሲና። ከአፏ ሲወጣ ራሷም ሰማችው። ሳቁ ቆመ።

ከዚያ የሥራ ቤቱ አለቆች ጉዳዩን ለወረዳ አቀረቡ። አንድ ሹም በሞተር ብስክሌት መጥቶ «ወፍጮው ቦታ ይቀይር» ሲል ሴቶቹ እህላቸውን እንደተሸከሙ ከበቡት። ሰውዬው ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ተሾመች እህል በሌለበት ሰዓትም ሞተሩን ማስነሳት ጀመረች። ባዶ ድንጋይ ሲፋጭ ድምፁ ጥርስ ያነቅላል። ሲና በመስኮት ስታይ ተሾመች ደጃፏ ላይ እጇን አጣምራ ቆማ፣ ወደ መስታወት ቤት እያየች፣ ሞተሩን ታስጮኻለች።

በዚህ መሐል ነው ሲና የበዓል ቀንን ያሰበችው።

«በበዓል ወፍጮው አይፈጭም» አለችው ከደብረ ብርሃን አብሯት ለመጣው ቴክኒሽያን ለይሥሐቅ።

«በበዓልማ እኛም አንሠራም።»

«መለካት እኮ ሥራ አይደለም። ቁልፍ ተጭኖ ቁጭ ብሎ ማየት ነው።»

ይሥሐቅ ራሱን ነቀነቀ። «ይህን ለነሱ ንገሪያቸው። በበዓል ሣር ያጨደ ሰው እዚህ አገር ምን እንደሚደረግ አንቺ ታውቂያለሽ፤ እኔ አይደለሁም የዚህ አገር ልጅ።»

ታውቃለች። ልጅ ሳለች አንድ ገበሬ በማርያም ዕለት አጥር ሲያጥር ተይዞ፣ በረዶ ታመጣብናለህ ተብሎ፣ በግ አርዶ ለደብሩ ሲክስ አይታለች። ግን ፎርማው የሚላክበት ጊዜ እየቀረበ ነው፤ ካልደረሰ ከበሮው በሌላ ፎርማ ይሠራል። መዝጊያውን ዘግታ ጀመረች። በሚካኤል፣ በማርያም፣ በእሑድ። ለአባቷ «ራሴን አሞኛል፣ ልተኛ» ትላለች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ስታይ ውስጧ ይሞቃል። በዓል በመጣ ቁጥር የት እንዳልለሰለሰ ታያለች፤ በሥራ ቀን ያንን ትወለውላለች። ወሩ በወር እየተተካ ብረቱ ሊደርስ ትንሽ ቀረው።

ጥቅምት መድኃኔ ዓለም የደብሩ ዓመታዊ ንግሥ ነው። በዚያ ዕለት ታቦቱ ወጥቶ ቤተ ክርስቲያኑን ሲዞር፣ ሲና መስታወት ቤት ውስጥ ነጭ ቱታዋን ለብሳ መለኪያው ፊት ተቀምጣለች። ገብሱ ማጭድ ሊገባበት ደርሷል፤ የበረዶ ወቅትም አይደለም። መጀመሪያ ቆርቆሮው ላይ ጠጠር የተበተነ መሰላት። መስመሩ ተንቀጠቀጠ። «ማን ነው ድንጋይ የሚወረውር?» ብላ ልትወጣ ስትል ጣራው ሁሉ ጮኸ፤ መብራቱም ጠፋ።

ሲያባራ በሩን ከፈተች። ሜዳው ነጭ ሆኗል። የቤቶቹ የጓሳ ሣር ክዳን ተበጥሷል። ትናንት ወገብ የሚደርሰው ገብስ በእግር የተረገጠ ይመስል ከጭቃው ጋር ተለጥፏል። ወንዙ ሲያጓራ ከሩቅ ይሰማል። ከአጥሩ ማዶ ተሾመች፣ ነጠላዋ ርሶ፣ ታያታለች። የሲናን ቱታ አየች፣ ጓንቷን አየች።

«ኧረ ኑ!» ብላ ጮኸች ተሾመች። «በረዶውን ያመጣችውን ኑና እዩ!»

ከንግሡ የሚመለሰው ሕዝብ ወደዚያ ጎረፈ። ከፊት የመጣው ወዳጆ ነው፤ በመንደሩ ትልቁ ማሳ የሱ ነበር። አንድ የሞተች ግልገል በብብቱ ይዟል። ግልገሏን ሲና እግር ሥር ጣላት።

«ይቺንም ለኪያት» አለ።

ይሥሐቅ በሩ ላይ ቆሞ «ወንድሞቼ፣ ተረጋጉ» ቢል የሚሰማው አልነበረም። አንዱ ድንጋይ አነሳ። የመስኮት መስታወት ተሰበረ። ሲና በሩ ላይ እጇን ዘርግታ ቆመች፤ ያሳሰባት ከጀርባዋ ያለው ብረት ነው እንጂ የራሷ ፊት አይደለም። ያን ጊዜ ቄስ ገብረ አማኑኤል ካባቸው ውሃ እያንጠፈጠፈ ደረሱና መቋሚያቸውን አነሱ። ድንጋይ ያነሳውም እጁን አወረደ።

«እኔ ልጠይቃት» አሉ። ወደሷ ዞሩ። «ልጄ፣ መድኃኔ ዓለምን ሽረሻል?»

ሲና አባቷን አየች። ዓይናቸው «አልሻርኩም በይ» ይላል። አልሻርኩም ብትል እሳቸው ያምኑላት ነበር፤ ሰውም ለሳቸው ሲል ዝም ይል ነበር። መዋሸት ደግሞ ከብዷት አያውቅም፤ ራሴን አሞኛል ስትል ከርማለች። ግን ያ ሁሉ ሰው ፊቷ ቆሞ፣ ግልገሏ እግሯ ሥር ተኝታ፣ ተሾመች እያየቻት፣ አልሻርኩም ብላ መደበቅ አናደዳት።

«አዎ አባ፣ ሠርቻለሁ። ዛሬ ብቻ አይደለም። በረዶውን ግን እኔ አላመጣሁትም።»

ቄሱ መቋሚያቸውን ዝቅ አደረጉ። ዞረው ሄዱ።

የመንደሩ ሽማግሌዎችና የደብሩ ካህናት ተሰብስበው ሲና እንድትወገዝ ቆረጡ። በእሑዱ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሕዝቡ በደጀ ሰላም ቆሞ ሳለ ውግዘቱ ተነበበ። ሌላ ካህን ሊያነበው ይችል ነበር፤ ቄስ አትናቴዎስ «እኔ ላንብብልዎ» ብለዋቸውም ነበር። ቄስ ገብረ አማኑኤል ግን «የኔ ልጅ ናት» አሉ፤ ራሳቸው አነበቡት።

«በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም። እሳት አትስጧት። ውሃ አታቅምሷት። ብትታመም አትጠይቋት። ብትሞት አትቅበሯት። በረዶውን እኔ አመጣሁ ብላ ንስሐ እስክትገባ ድረስ፣ ይህን ቃል የተላለፈ ሁሉ እንደሷ የተለየ ይሁን።»

ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም ይላሉ የሰሙት። ሲና እዚያ አልነበረችም። ማታ ወደ አባቷ ቤት ስትሄድ በሩ ተዘግቷል፤ ልብሷ ታጥፎ፣ በነጠላ ተቋጥሮ፣ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። አንስታ ወደ መስታወት ቤት ተመለሰች፤ በዕቃ ክፍሉ ውስጥ ፍራሽ ዘረጋች።

ይሥሐቅ በሳምንቱ ሄደ። «ሱቅ ውስጥ ጨው እንኳ አይሸጡልኝም» አለ ቦርሳውን እያሰረ። «አንቺስ እልህ አለብሽ። እኔ ለማን ብዬ?»

«ለማንም ብለህ አይደለም፣ ለሥራው ነው።»

«ሥራው ይቅርብኝ።»

ብቻዋን ቀረች። ውሃ ከምንጩ ስትቀዳ ሴቶች እንስራቸውን አንስተው ይሸሻሉ። ልጆች ስሟን አይጠሩም፤ «በረዶ» ይሏታል። ምግቧን ከቀየት በእግሯ እየሄደች ታመጣለች፤ እዚያም ወሬው ደርሶ አንዳንዱ ፊቱን ያዞርባታል።

ከዚያ ደግሞ ያላሰበችው ነገር ሆነ። አንድ ሰኞ ጠዋት፣ በዓል ባልሆነበት ቀን፣ ወፍጮው አልተነሳም። ማክሰኞም አልተነሳም። መጀመሪያ ሞተሩ የተበላሸ መሰላት። ኋላ ገባት። የሚፈጭ ገብስ የለም። በየጎተራው የነበረው ካለፈው የተረፈ እየተቆጠበ ነው፤ ሴቶቹ ያችኑ እፍኝ እፍኝ በእጅ ወፍጮ ይፈጫሉ።

ሲና መለኪያው ፊት ተቀመጠች። መስመሩ ቀጥ ብሎ ሄደ። እንዲህ ያለ ጸጥታ አይታ አታውቅም። ስትመኘው የኖረችው ነገር ይኸው መጣ፤ የመጣው ግን በረሃብ ነው። ቢሆንም አልተነሳችም። ለካች፣ ወለወለች፣ እንደገና ለካች። እያለቀሰች ነበር፤ እንባዋ ብረቱ ላይ እንዳይነጥብ ፊቷን አዙራ ትጠርግና ትቀጥላለች። ለማን እንደምታለቅስ ቢጠይቋት አታውቀውም። ግማሹ ንዴት ነበር።

ፎርማው ባለቀበት ሰሞን ቄስ ገብረ አማኑኤል ከአጥሩ ውጪ መጥተው ቆሙ። አልገቡም።

«ውግዘቱን ያነበብኩት እኔ ነኝ፤ የምፈታውም እኔ ነኝ» አሉ። «ነገ ነዪና በሕዝቡ ፊት ተናገሪ።»

«በዓል ሽሬያለሁ እላለሁ አባ። ዋሽቼዎታለሁም እላለሁ። ለዚህ እግርዎ ላይ እወድቃለሁ።»

«በረዶውስ?»

«በረዶውን አልልም።»

«ያችን አንዲት ቃል?»

«ያችን ቃል ካልኩ የወዳጆን ገብስ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት ነው። እስከ ዕለተ ሞቴ እንዲህ ብለው ይጠሩኛል። እርስዎ ያምኑበታል? እኔን አይተው ይንገሩኝ፣ ያምኑበታል?»

ቄሱ መቋሚያቸውን አነሱ። «የኔ ማመን ምን ይረባል፣ ሕዝቡ ከተራበ?» አሉና ሄዱ።

ፎርማው በጥጥና በእንጨት ሣጥን ታሽጎ ተዘጋጀ። ሊወስደው የመጣው ሾፌር አንዷለም ግን ጎርፉ ድልድዩን ስለወሰደው መኪናውን ከወንዙ ማዶ አቁሞ ደወለ። ሣጥኑ የአራት ሰው ሸክም ነው። አህያ ላይ እንዳይጫን ይናጣል። ሲና በየቤቱ ሄደች። በሩን የከፈተላት የለም፤ ወዳጆ ውሻውን ፈታባት።

ተስፋ ቆርጣ ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ሳለ ተሾመች ሁለት ወንድሞቿን አስከትላ፣ በድን የሚወሰድበት ቃሬዛ አሸክማ መጣች።

«ተነሺ» አለች።

«እትዬ ተሾመች… እግዜር ይስጥ…»

«ዝም በይ! ላንቺ ብዬ መሰለሽ? ይኼ ብረት እዚህ እስካለ አንቺም እዚህ ነሽ። እንድትሄጂልኝ ነው።»

«ውግዘቱስ?»

«ውግዘቱ እሳትና ውሃ አለ። ብረት አላለም።» ለወንድሞቿ ምልክት ሰጠች። ሣጥኑን ቃሬዛው ላይ አደረጉት። ሁለቱ ወንዶች ፊቱን፣ ተሾመችና ሲና ኋላውን ያዙ። መንደሩ በየደጃፉ ቆሞ አያቸው፤ ቀብር ይመስላል፣ የሚያለቅስ ግን የለም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቄስ ገብረ አማኑኤል ቆመዋል። ቃሬዛው በፊታቸው ሲያልፍ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ጸሎት ይሁን ሌላ፣ ሲና አልሰማችም።

«ቀስ በይ፣ እንዳይነቃነቅ» አለች ሲና።

«እኔን ስለ ሸክም ልታስተምሪኝ ነው? አንቺ ራስሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ ትከሻሽ የጸሐፊ ነው።»

«ባዶ ድንጋይ ስታፋጪብኝ የኖርሽ ሴት…»

«አዎ አፋጭቻለሁ። ይገባሽ ነበር። አይገባሽም ያልሽኝን ቀን ረስተሽዋል?»

«አልረሳሁትም።»

«እኔም አልረሳሁትም።»

ወንዙ ጎድሎ እስከ ጉልበት ደርሷል፤ ድንጋዩ ግን ሙልጭልጭ ነው። መሐል ሲደርሱ ተሾመች አዳለጣት። በአንድ ጉልበቷ ዐለቱ ላይ ወደቀች፤ ውሃው ቀላ። ወንዶቹ ጮኹ። ቃሬዛው ዘመመና ሣጥኑ ወደ ጥልቁ ተንሸራተተ። ተሾመች ግን እጇን አልለቀቀችም። ጥርሷን ነክሳ፣ ሣጥኑን በደረቷ ደግፋ፣ ቃሬዛውን መልሳ አቃናችው።

«ልቀቂው፣ እግርሽ!» አለች ሲና።

«ልልቀቀውና ተመልሰሽ ሌላ ልትሠሪ!» ብላ ጮኸችባት ተሾመች። «ተራመጂ!»

ማዶ ሲደርሱ ሣጥኑን መኪናው ላይ ጫኑት። ሲና ነጠላዋን ቀድዳ የተሾመችን ጉልበት ልታስር ስትጎነበስ ተሾመች እግሯን ሰበሰበች። «አትንኪኝ። አንቺን መንካት አልተፈቀደልኝም።» በራሷ መቀነት አሰረችው። ከዚያ ሲና መኪናው ውስጥ እስክትገባ፣ በሩም እስኪዘጋ ድረስ ቆማ ጠበቀች።

መስታወት ቤቱ ተዘጋ፤ ማሽኖቹ ወደ ደብረ ብርሃን ተወሰዱ። ፎርማው ባሕር ማዶ ተፈትሾ አለፈ። ወርቁን ለብሶ ከበሮው ያለ ጭረት መውጣቱን ሲና በደብረ ብርሃን ሥራ ላይ ሳለች ሰማች፤ የሥራ ባልደረቦቿ አጨበጨቡላት። መነጽሩ ገና ወደ ሰማይ አልተተኮሰም። በጉልት ሜዳ ውግዘቱ አልተፈታም።

በዓመቱ፣ ገብስ በሚታጨድበት ወር፣ አባቷ ደወሉ። ከሄደች ወዲህ የመጀመሪያ ጊዜ ነው። ድምፃቸውን ስትሰማ ተነስታ ቆመች።

«አዝመራው ጥሩ ነው» አሉ። «ወዳጆ ሁለት ክምር ከምሯል።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ስሜን ይጠራል?»

«አይጠራም። እኔም እዚህ አልጠራውም።»

«ታዲያ ለምን ደወሉ አባ?»

በስልኩ ውስጥ፣ ከሩቅ ሰው በሬ ሲነዳ ይሰማል።

«እዚያ የነፍስ አባት ይዘሻል?»

«አልያዝኩም።»

«ያዢ» አሉና ዘጉት።

ሲና መልሳ ልትደውል ቁልፉን ነካች፤ ተወችው። ከዚያ ጓንቷን አጥልቃ ወደ አዲሱ ብረት ተመለሰች።